በራስጌዋ የቆመው

እናቴ ቦቻቤሪ ላሟን ስትጠራ ማዶ ኮረብታ ላይ ያሉ ሰዎች «አቤት» ይላሉ። እያጋነንኩ አይደለም። አንድ ጊዜ የማዶዋ ጎረቤታችን በእውነት ወንዝ ተሻግራ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ብላናለች። በሰንበት መዝሙር ጊዜ ፓስተሩ ከመዘምራኑ የኋላ ረድፍ ያቆማታል፤ ፊት ከቆመች የሌላው መዘመር አይታወቅም። እሾህ ሲወጋት ትጮሃለች፤ የሙዝ ዋጋ ሲወርድ ትጮሃለች፤ ዶሮዋ ጎረቤት ሄዳ ስትጥል ደግሞ አገር ይያዝልኝ ነው። ለዚህ ነው ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ ነቅታ፣ ብረት ሰውነቷ ውስጥ እየገባ ትንፍሽ አለማለቷን ስሰማ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩኝ የመሰለኝ።

ባሌ ኛኩንዲ እዚህ ኪሲ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ሰመመን ሰጪ ነው። ሥራው ሰው ማስተኛት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የገዛ ልጁን አስተኝቶ አያውቅም። በሥራው ግን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። መድኃኒቱን አንድ ጊዜ አይለቀውም። ትንሽ ይሰጥና በበሽተኛው ራስጌ ጎንበስ ብሎ «ይሰሙኛል?» ይላል። «እሰማለሁ» ካሉት ጥቂት ይጨምራል። ደግሞ «ይሰሙኛል?» ይላል። መልሱ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ይሄድና ይጠፋል። ያኔ ነው ለሐኪሙ «ይጀምሩ» የሚለው። እሱ ያስተኛቸው ሰዎች ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ድምፁን እያስመሰሉ «ይሰሙኛል?» ይሉኛል። እኔም ተቆጥቼ ሳኮርፍ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ ብሎ «ይሰሙኛል?» ይለኛል። ሳልፈልግ ያስቀኛል፤ ከሳቅኩ ደግሞ ኩርፊያው አለቀ።

በእኛ በጉሲዎች ዘንድ በአማትና በአማች መካከል እንሶኒ አለ። እንሶኒ እፍረት ነው፤ ሰው በሚያከብረው ሰው ፊት የሚያፍረው እፍረት። አማች የአማቱን መኝታ ክፍል ደፍ አይረግጥም። እጇን አይጨብጥም። ስሟን አይጠራም፣ እሷም ስሙን አትጠራም። መንገድ ላይ ከተገጣጠሙ አንዳቸው ገለል ብለው ፊታቸውን ወደ ቁጥቋጦው ያዞራሉ። መነጋገር የግድ ከሆነ ግድግዳ መሃላቸው ይሁን፤ ግድግዳ ከሌለ ጀርባ ይሰጣጡ። ኛኩንዲ ናይሮቢ ተምሮ ቢመጣም እናቴ ስትመጣ በጓሮ በር ነው የሚወጣው። እሷም እሱ ቤት በሌለበት ቀን ነው ደስ ብሏት የምትበላው።

በዝናቡ መግቢያ ላይ ኛኩንዲ ለሥልጠና ኪሱሙ ከተማ ሊሄድ ተነሣ። እኔም አላርፍ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ሐሙስም እዚያው ነው?» አለችኝ።

«ሳምንቱን ሙሉ ነው።»

«ሐሙስም?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ምነው፣ ልትጠይቂኝ ልትመጪ ነው?»

«እንግዲህ እናያለን» አለችና ስለ ላሟ ማውራት ጀመረች። እኔም ትመጣለች ብዬ ሐሙስ ማታ አሳ ገዝቼ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ሥልጠናውም ቀረ፤ ዝናቡ የናይሮቢን መንገድ ቆርጦት አሠልጣኞቹ ኪሱሙ ሳይደርሱ ቀሩ ተባለ። ኛኩንዲ እያጉረመረመ ሥራው ገባ፤ ለእናቴ መንገሩ ግን ትዝ አላለኝም።

ያን ሐሙስ ማታ ሲመጣ አሳው ከዳጉሳ ገንፎና ከመራራ ጎመን ጋር ቀርቦለታል፤ ከዚህ በላይ የሚወደው ነገር የለም። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ገንፎውን አየው፣ ተነሣና እንደገና እጁን ታጠበ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ አሳው ምን በደለህ?»

«ደክሞኝ ነው ኬሙንቶ። ተዪኝ።»

ተውኩት። ግን ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ የሱ ሳይወጣ ሰነበተ። ሳኮርፍ መጥቶ ማሳቁንም ተወ። አንድ ቀን እኔው ራሴ ላስቀው ብዬ ከኋላው ጎንበስ ብዬ «ይሰሙኛል?» ብለው የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ጠረጠርኩ። ጠርጥሬም ሸሚዙን አሸተትኩ። ምነው ሌላ ሴት በሆነች።

ነገሩን የነገረችኝ ሲስተር ገሳሬ ናት፤ ከኛኩንዲ ጋር ኦፕራሲዮን ክፍል የምትሠራ ነርስ። ገበያ ላይ ሙዝ ስመርጥ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«እናትሽ ራኤል ናት እንዴ?»

«ቤተ ክርስቲያን ራኤል ይሏታል። ምነው?»

«እናትሽ መሆኗን ጎረቤቷ ናት ትናንት የነገረችኝ። እኔ ምን አውቄ! ውጤቷ መጥቶ ተቀምጧል፣ ደጋግመን ሰው ልከንባት እምቢ አለች። በይ አምጫት። ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም።»

«የምን ውጤት?»

ገሳሬ አፏን በእጇ ያዘች። ቀስ እያለች ነው ያወጣችው። እናቴ የሴት ነገር ከቀረባት ከስንት ዓመት በኋላ ደም ሲፈሳት ከርሟል። ከኪሱሙ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ሐኪም ማህፀኗን ጠርጎ ከጠረገው ለካንሰር ምርመራ ልኳል። ቀላል ነገር ነው፣ በሰመመን የሚሠራ፣ ተኝተው የሚነሡበት።

«ሰመመኑን ማን ሰጣት?» አልኩ።

ገሳሬ መሬት መሬት አየች። «ተተኪ ሊመጣ ነበር፣ የባልሽ ሥልጠና ሲቀር እሱም ቀረ። ታዲያ ማን አለን ሌላ?» አለች።

ሙዙን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። ባለሙዟ ከኋላዬ «አንቺ! የመረጥሽው!» እያለች ትጣራለች። ፊቴ እየነደደ ነበር። ሐሙስም ወይ ያለችው ለዚህ ነው። ሴትዮዋ እፍረቷን ለመጠበቅ ቀኑን መርጣ፣ ልጇን ሳይቀር ደብቃ ሄደች። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «ሳምንቱን ሙሉ ነው» ብዬ ወደ አማቿ እጅ ላክኋት።

እናቴን ጓሮ ላሟን ስታልብ አገኘኋት። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ውጤትሽ መጥቷል አሉ። ለምን አትሄጂም?»

«ማን አለሽ?»

«ሐኪም ቤት።»

«አፍ ያለው ሁሉ ሐኪም ሆኗል» አለችና ማለቧን ቀጠለች።

«እማ፣ ቀልድ አይደለም። ብትዘገዪ ይሰፋብሻል አሉ።»

«ይስፋ። እዚያ ቤት አልመለስም። መድኃኒታቸው እኔን አይይዘኝም።»

«አይይዘኝም ማለት?»

ወተቱ ባልዲው ውስጥ መውረዱን አቆመ። ጡቱን እንደያዘች ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደገፈች።

«ነቅቼ ነበር» አለች።

ከጀመረች ወዲያ አላቆመችም፤ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ለላሟ እንደምታወራ አወራችው። መጀመሪያ እንቅልፍ መጣባት፣ ጭጋግ ነገር። ብረቱ ሲገባ ጭጋጉ ተገፈፈ። እጇ አልነሣ፣ ዐይኗ አልገለጥ አላት እንጂ ሕመሙ ሁሉ ይሰማታል፤ የሐኪሙ መቀስ ሳህን ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይሰማታል።

«ማቃሰት ጀመርኩ» አለች። «ልጮህ ነበር። ጩኸቴን ታውቂው የለ፤ አየሩን ስቤ ጨርሻለሁ። ያኔ ነርሷ ስም ጠራችና ‹ተኝታለች?› አለች።»

«የማንን ስም?»

«የማልጠራውን።»

ላሟ እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች።

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም? እማ፣ እየቆረሱሽ!»

«ከጮህኩ ነቅቻለሁ ማለት ነው» አለች። «ከነቃሁ እሳቸው አዩኝ፣ እኔም መታየቴን አወቅኩ ማለት ነው። ከተኛሁ ግን ማንም ማንንም አላየም። ስለዚህ ተኛሁ።»

«ለሱ እፍረት ብለሽ!»

«ለእፍረቱ ብቻ? የምትኖሪበት ቤት የማን ነው? ነገ ልጅሽን አቅፌ እንዴት እሳቸው ደጅ እቆማለሁ?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ባልዲውን አንሥታ ወተቱን በጨርቅ ማጥለል ጀመረች፤ ድምፅዋ ሲመለስ ተቆጥታ ነበር።

«እኔ ዝም አልኩ፣ እሺ። የኔ ዝምታ የገባኝ ነው። የሳቸው ዝምታ ነው ያልገባኝ። ለአገሩ ሁሉ ‹ይሰሙኛል?› ይላሉ አይደል? ገበያው የሚስቅበት አይደል? ያን ቀን በራስጌዬ የቆመ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝንብ እንኳ እዝዝ ትላለች። እኔ ከብት ነኝ? ብሞት እሞታለሁ እንጂ ዝም የሚል ሰው ራስጌ ሁለተኛ አልተኛም።»

ቤቴ ስደርስ ኛኩንዲ ሞተሩን እያጠበ ነበር። በመንገዴ ሁሉ የምለውን እየደረደርኩ መጥቼ ነበር፤ ሲያየኝ ሁሉም ጠፋብኝ።

«እናቴ ነቅታ ነበር» አልኩት።

«አላውቅም ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ እንዲዋሸኝ ፈልጌ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ጨርቁን ጨምቆ መቀመጫው ላይ ዘረጋው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ራኤል የሚለውን ስም ሲያይ ምንም አልመሰለውም፤ ራኤል በየቤቱ አለ፣ እሱ ደግሞ የአማቱን ስም አውቆም ጠርቶም አያውቅም። ጭምብሉን አጥልቆ ሲገባ አልጋው ላይ ተሸፍና ተኝታለች። ዐይኗን ጨፍና ትጸልያለች። እናቴ ናት።

«መውጣት ነበረብሃ!» አልኩት።

«ምን ብዬ? ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሟል። እሱ ከሄደ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው፤ ደሟ ደግሞ እየፈሰሰ ነው። ወጥቼ ‹አማቴ ናት› ብል ክፍሉ ሁሉ ይሰማል፣ እሷም ትሰማለች። ዐይኗን ሳትገልጥ ቶሎ ላስተኛትና አላየችኝም፣ አላየኋትም ይሁን ብዬ ነው።»

«ስለዚህ አልጠየቅካትም።»

«ድምፄን ታውቀዋለች።» አንገቱን ደፋ። «ደሟ አንሷል፣ ብዙ ብሰጣት ትንፋሿ ይቆማል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ሰጠኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጠይቅና እጨምራለሁ። ሳልጠይቅ ግን ምኑን አውቄ ልጨምር? ለሐኪሙ ጀምር ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።»

«ስታቃስትስ?»

«ልጨምር መርፌውን አንሥቼ ነበር። ገሳሬ ስሜን ጠራች። ማቃሰቷ ቆመ። ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ? የተኛ ሰው ስም ሲጠራ ዝም አይልም። ልቧ እየጋለበ መሆኑን ማሽኑ ያሳየኛል፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ሲወርድ አያለሁ። እኔ ግን ለገሳሬ ‹አዎ ተኝታለች› ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። መርፌውን አስቀመጥኩት።»

«ለምን አትጨምርላትም ታዲያ? ለምን?»

«ብጨምር ነቅታ እንደነበር አውቄያለሁ ማለት ነዋ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እናቴ አልጋው ላይ ሆና እንቅልፍ አስመሰለች፣ ባሌ ራስጌዋ ቆሞ ማስመሰሏን እንዳላወቀ አስመሰለ፤ በመሃል የሚቆረሰው የሷ ሥጋ ነበር። በእሱ አፈርኩ። እሱን ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝና በራሴም አፈርኩ። ከሁሉ የከፋው ግን የሁለቱም ነገር ስለገባኝ ያፈርኩት ነው። እኔም እዚያ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ጉሲ ነኝ፤ ምናልባት እኔም ሦስተኛ ሆኜ ዝም እል ነበር።

«ሽማግሌ እንላክ» አለ ኛኩንዲ። «እንሶኒ ሲፈርስ ወጉ አለ። ፍየል ይታረድ፣ ይነጻ።»

«ሽማግሌዎቹን ምን ልትላቸው ነው? አማቴን እንዲህ ስትሆን አይቻታለሁ ልትል ነው? ነገ አገሩ ሁሉ ያያታል! ፍየሉስ ምን አጠፋ?»

ጨርቁን ከመቀመጫው አንሥቶ እንደገና ጨመቀው።

«የሚያስፈራት እንሶኒው አይደለም» አልኩት። «እሱን ችላዋለች። አትሄድም ያለችው ራስጌዋ የሚቆመውን ሰው ስላላመነች ነው። ካልሄደች ደግሞ ትሞታለች። ይህን የፈታ ፍየል እስካሁን አልተወለደም።»

እሁድ ከሰዓት ተያይዘን ሄድን። ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቷል፣ ሻይ ለቃሚዎቹ ዝናብ ሳይጀምር ቅርጫታቸውን አዝለው ይወርዳሉ። እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ሙዝ ትልጥ ነበር። ኛኩንዲ ወደ በሩ አልቀረበም። ዞሮ ከማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ውጭ ቆመና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደ ሸለቆው አየ። እኔ ሁለቱንም የማይበት ደፉ ላይ ቆምኩ። እናቴ ማን እንደመጣ አወቀች፤ ቢላዋዋ ፍጥነት ጨመረ።

አንድ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሂድ እንግዲህ፣ ተመለስ እንግዲህ ልለው ስል ተናገረ።

«እናቴ» አለ። «ይሰሙኛል?»

ቢላዋው ቆመ።

ያ ገበያው የሚስቅበት፣ እኔም ስንቴ የሳቅኩበት ቃል ነው። አሁን ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ የያዘችውን ሙዝ እያየች ቆየች። ይህቺ ማዶ ኮረብታ የምታሰማ ሴት ስትመልስ በግድ ነው የሰማኋት።

«እሰማለሁ» አለች።

«ያን ቀንም—»

«ያን ቀንም እሰማ ነበር።»

«አውቄ ነበር» አለ ኛኩንዲ። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጎንበስ ሲል አየሁት፤ ለማንም አይደለም፣ ለሸለቆው ነው የጎነበሰው። እናቴ የእጇን የሙዝ ሙጫ በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

«ያን ቀን ጠይቀውኝ ቢሆን አልመልስልዎትም ነበር» አለች። «እፍረቴን ይዤ ዝም እል ነበር። ግን ጠየቁኝ እል ነበር።»

ዝናቡ ጀመረ። የጣሪያው ክዳን ከውጭ በኩል አጭር ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ይበሰብሳል። እናቴ ይህን ታውቃለች። ይግቡ ልትለው ወጉ አይፈቅድላትም፣ ይሂዱ ልትለውም አልፈለገችም። ትንሽ አቆየችውና ለእኔ ተናገረች፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«ኬሙንቶ፣ ኪሱሙ ቀን ይያዝልኝ በያቸው። ራስጌዬ የሚቆመው ሰው ማንም ይሁን፣ የማያውቀኝ ይሁን። ግን የሚጠይቅ ይሁን።»

«ሰምቻለሁ» አለ ኛኩንዲ ከዝናቡ ውስጥ።

ኪሱሙ የወሰድናት እሷ በፊተኛው ወንበር፣ እሱ በመጨረሻው ወንበር ሆኖ በአንድ አውቶቡስ ነው። ማህፀኗ መውጣት ነበረበት፤ ገና አልሰፋም፣ ቶሎ ደርሳችኋል አሉን። ሲያስገቧት እኔና ኛኩንዲ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። በሩ በደንብ አይዘጋም ነበር። የማናውቀው የወጣት ድምፅ፣ ከሉኦ ብሔር ሳይሆን አይቀርም፣ በስዋሂሊ «እማማ፣ ይሰሙኛል?» ሲል ሰማን።

«እሰማለሁ!»

ላሟን የምትጠራበት ድምፅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ደንግጠው ዘለሉ፣ ከዚያ ሳቁ። አንድ ሽማግሌ «እኛም ሰምተናል!» አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ከእንባ ጋር ተቀላቀለብኝ።

«እማማ፣ አሁንስ ይሰሙኛል?»

«እ… ሰማለሁ።»

ወጣቱ ደግሞ ጠየቀ። ደግሞም ጠየቀ። መልሱ እየተጎተተ ሄደና ጠፋ። ኛኩንዲን ልይ ዞር ስል ፊቱን ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ አማቱ በመንገድ የምታልፍ ይመስል። ወንበር ይዤለት ነበር። እስክትወጣ ድረስ አልተቀመጠም።